ዳገቱ ጫፍ ላይ ይጠብቀኛል፣ ስደርስ ግን ይነሳል

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ጅማ ነው። አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የምውል የቢሮ ሰው ነኝ። አብሮ አደጌ ውጭ አገር፣ ባሕር ዳር ባለች ትንሽ ከተማ መኖር ከጀመረ ስምንት ዓመት ሆነው። እዚያ ሳይክል ለመደ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከባሕሩ አጠገብ ኮረብታ ሲወጣና ሲወርድ ቪዲዮ ይልክልኛል። አምና መጥቶ ሁለት ወር ተቀመጠ። ሊመለስ ሰሞን ከከተማው በላይ ወዳለው ጅሬን አብረን ወጣን። ጥሎኝ ሄደ። ዳገቱ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። እኔ ምላሴ ወጥቶ ስደርስ «በል እንሂድ» ብሎ ተነሳ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገኝ። በአራተኛው ሳይክሉን አዙሬ ቤቴ ገባሁ። ምክንያቱን ግን አልነገርኩትም፣ ሆዴን አመመኝ አልኩ። ዘንድሮ ለገና ይመጣል። በመጣ በሳምንቱ አጋሮ ደርሰን በዚያው ቀን እንመለስ ይለኛል። እሱ የራሱን ሳይክል በካርቶን ይዞ ነው የሚመጣው። የእኔ የወንድሜ ልጅ ትቶልኝ የሄደው ነው፤ አሥራ ስምንት ማርሽ አለው ተብሎ የተገዛ፣ አሁን የሚሠሩት አራት። እምቢ ካልኩ ይቀየመኛል። ከሄድኩ ደግሞ እኔ እቀየመዋለሁ። ምን ይሻለኛል?
የዳገቱ ሰው፣ ከጅማ»

ወንድሜ የዳገቱ ሰው፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅሁ። ሁለተኛ ሳነበው አፈርኩ። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔ ጓደኛህን ነኛ!

ልንገርህ። እግሬ ጠንካራ በነበረበት ዘመን ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በቦንጋ መንገድ ወደ ሰቃ ወጣን። ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ሩቅ አይደለችም። ከከተማ እንደወጣን ጥዬው ሄድኩ። ሰቃ ገብቼ አንዲት ሴትዮ በረንዳ ላይ ቁጭ አልኩና ቡና ጠጣሁ። አቦሉ አለቀ። ቶናውም አለቀ። «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ምን ያህል ቢዘገም ነው» እያልኩ በሆዴ ሳማው፣ ሳይክሉን እየገፋ መጣ። ካቴናው ተበጥሶበት ነበር። መፍቻውም ፖምፓውም የነበሩት እኔ ጀርባ ላይ፣ በእኔ ቦርሳ ውስጥ። እሱ በእጁ ሲታገል ቆይቶ እስከ አንጓው ድረስ ጠቁሯል። «ምነው ቆየህ?» አልኩት። እንዲያ ነው ያልኩት፣ አልዋሽህም። መልስ አልሰጠኝም። ሴትዮዋ በረካውን ቀዳችለት። ጠጥቶ ሲያስቀምጠው ነጩ ሲኒ ላይ የጣቱ ጥቁር አሻራ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እስከ ዛሬ ሰላም እንባባላለን፣ ልጆቹን ድሬያለሁ፣ ሳይክል ግን አብረን ነድተን አናውቅም።

ስለዚህ ከፊት የሚሄደው ሰው ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ። ክፋት አያስብም። እንዲያውም ደግ የሆነ ይመስለዋል፤ «ጠብቄዋለሁ እኮ!» ይላል። ሒሳቡን ሠርቶ አያውቅማ። እስቲ እኛ እንሥራው። ጅሬን ላይ ሦስት ጊዜ ጠበቀህ። በያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ብንል እሱ ግማሽ ሰዓት አርፏል። አንተ ስንት አረፍክ? ዜሮ። ስትደርስ ይነሳላ! ከሁለታችሁ ደካማው አንተ ነህ፣ ያለ እረፍት የነዳኸውም አንተው ነህ። በዚህ ዓይነት አራተኛው ዳገት ላይ አለመውደቅህ ራሱ ጉብዝና ነው። አንተ ግን «ሆዴን አመመኝ» ብለህ ሸኘኸው። እሱም እስከ ዛሬ የበላኸው ነገር ነው የሚመስለው።

እና መልሴ፦ ሂድ። ግን እሱ ባለው መንገድ አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ዳገቱ። ሁለት ሰው አብሮ ሲነዳ የኋለኛው የሚጠቀመው ሜዳ ላይ ነው። ፈጠን ብለህ ስትሄድ ጉልበትህን የሚበላው ነፋሱ ስለሆነ፣ ከሰው ጀርባ ስትገባ ይቀልልሃል። ዳገት ላይ ግን በሰዓት ስምንት ኪሎ ሜትር እየተጎተትክ የምን ነፋስ አለ? የሚታገልህ የራስህ ክብደት ነው። ጓደኛህ ፊት ፊትህ ስለሮጠ ግራም አይቀንስልህም። ስለዚህ ዳገት ላይ ፊት የምትሆነው አንተ ነህ። አንተ በምትችለው ፍጥነት ውጣ፣ እሱ ከኋላ ይከተልህ። ልኩን የምታውቅበት ቀላል ዘዴ አለ፦ እየነዳህ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻልክ ደህና ነህ። አንድ ቃል ተናግረህ መተንፈስ ካስፈለገህ ፈጥነሃል፣ ቀንስ። እንደ ጓደኛህ ያለ ወሬኛ ሰው ለዚህ ይጠቅማል። (ወሬኛ ያልኩት በየሳምንቱ ቪዲዮ የሚልክ ሰው ስለሆነ ነው፤ ከተሳሳትኩ ይቅርታ።)

ከኋላ መሄድ አልችልም፣ እግሬን ይበላኛል ካለህስ? ይሂድ። ጫፍ ሲደርስ ግን ቁጭ አይበል። ዞሮ ይውረድና አንተ ያለህበት ደርሶ እንደገና አብሮህ ይውጣ። ጉልበት ተርፎት የለ? በአንድ ቀን ሁለት እጥፍ ዳገት አገኘ ማለት ነው፣ አንተም ብቻህን አልቀረህም። ጫፍ ላይ መቀመጥ የግድ ከሆነም እረፍቱ መቆጠር የሚጀምረው አንተ ስትደርስ ነው። ሳይክልህን አስተኝተህ፣ ውሃ ጠጥተህ፣ ልብህ ሲረጋ።

ይህን ስትነግረው «ብስክሌት እንደዚህ አይደለም» ይልህ ይሆናል። ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ ነው፣ በፈረንጆቹ 2016። ያን ውድድር በቴሌቪዥን ያየ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። እዚያ ካሉት ውስጥ አብዛኞቹ ለራሳቸው አይነዱም። ለቡድናቸው መሪ ነፋስ ይከላከላሉ፣ ወደ መኪናው ተመልሰው ውሃ ያመጣሉ፣ መሪው ጎማ ከፈነዳበት ቆመው ይጠብቁታል። የዓለም ምርጥ እግሮች ናቸው ይህን የሚያደርጉት። ጓደኛህ ለአንድ ቀን ቢያደርገው አይጎዳም።

አሁን ደግሞ ደብዳቤህ ውስጥ አንተ ራስህ ያላየኸው ነገር አለ። እኔ ሳነበው ፈገግ ያልኩበት። ጓደኛህ የሚኖረው ከባሕር አጠገብ ነው። ከባሕር አጠገብ ማለት ከፍታው ዜሮ አካባቢ ማለት ነው። ቪዲዮው ላይ የሚወጣቸው ኮረብታዎች ከውሃው ጀምረው ወደ ውሃው የሚመለሱ ናቸው። ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው አራት አምስተኛው ቢሆን ነው። በአንድ ትንፋሽ የምትስበው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሰውነት ይህን የሚለምደው በሳምንታት ነው። አምና ጅሬን ስትወጡ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር፣ ስለዚህ ለምዷል። ዘንድሮ ግን በመጣ በሳምንቱ ነው አጋሮ የሚለው! አንተ ቢሮ ብትውልም ደምህ እዚሁ ተሠርቶ እዚሁ ያደገ ነው። ጓደኛህ አሁንም ከአንተ ሊፈጥን ይችላል፣ ባለ ልምድ ነው። ግን ያን ቀን ደረቱ እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ ሲል ካየህ አትሳቅበት። ትንሽ ሳቅ ይፈቀዳል።

ወደ መንገዱ እንምጣ። ከጅማ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሄጃውን ለአንተ ዓይነት ሰው በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር እንበል። ወደ አራት ሰዓት መንዳት ነው። ማረፊያውን፣ ቡናውን፣ ፎቶውን ጨምርበት፣ ስድስት ሰዓት ይሆናል። ጠዋት አንድ ሰዓት ብትወጡ ሰባት ሰዓት ላይ አጋሮ ናችሁ። ምሳ በልታችሁ ስምንት ሰዓት ላይ ብትነሱስ? እዚህ ጋ ነው ጉዱ። አጋሮ ከጅማ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። በመሃል ብዙ ዳገትና ቁልቁለት አለ፣ ግን በድምሩ መሄጃው የሚወርድ፣ መመለሻው የሚወጣ ነው። በደከመ እግር፣ በጠገበ ሆድ፣ በሰዓት አሥር ኪሎ ሜትር ከሄድክ ከነማረፊያው ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው ጅማ የምትገባው። በታኅሣሥ አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎ ብዙም ሳይቆይ ይጨልማል። በዚያ መንገድ፣ በዚያ ሰዓት፣ ከኋላህ ኢሱዙ እየመጣ ሳይክል ላይ መገኘት የለብህም። የሚደራደሩበት ነገር አይደለም።

ስለዚህ በሳይክል ሂዱ፣ በመኪና ተመለሱ። አጋሮ መናኸሪያ ሄዳችሁ ሁለቱን ሳይክሎች ቅጥቅጥ ጣሪያ ላይ አሳስራችሁ፣ እናንተ ከታች ተቀምጣችሁ ግቡ። ጓደኛህ «ግማሽ ነው የነዳነው» ካለ ያልተነዳውን ግማሽ አንተ አትከልክለው፣ ብቻውን በሌላ ቀን ይንዳው።

ደግሞ ይህን መንገድ በሩጫ መጨረስ ኃጢአት ነው። ልክ በወቅቱ ነው የምትሄዱት። በታኅሣሥ የቡናው ለቀማ ወደ ማለቁ ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ፣ ዋንዛውና ብርብራው ጥላ ሥር፣ ቅርንጫፉ ላይ የቀረ ቀይ እሸት ቡና ታያለህ። በየደጁ አልጋ ላይና ሸራ ላይ የተሰጣ ጀንፈል አለ። መጀመሪያ ቀይ የነበረው ወደ ቡናማ፣ ከዚያ ወደ ጥቁር ሲሄድ በአንድ መንገድ ላይ ሁሉንም ደረጃ ታየዋለህ። ሽታውን ከመኪና መስኮት አታገኘውም። ጣፋጭ ነው፣ ትንሽ እንደ ዘቢብ፣ ትንሽ እንደ ጠጅ ቤት በር። በእጅ ሲያገላብጡት ደግሞ ደረቁ ፍሬ ይንሿሿል። ሳይክል ድምፅ ስለሌለው ይሰማሃል። ማለዳ ጉም ካለ ኮረብታዎቹ ጫፍ ጫፋቸው ብቻ ነው የሚታየው። ጓደኛህ ባሕር የናፈቀው ያን ጊዜ ነው፤ ደሴት ይመስላሉ።

ግማሽ መንገድ አካባቢ የቡ አለች። እዚያ ቡና ሳትጠጡ አትለፉ። ሰው ሲያይህ «አካም ጅርቱ?» በል፣ ፊቱ ሲፈታ ታያለህ። ልጆች ደግሞ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ይከተሏችኋል። እናንተን አይተው አይደለም። ሄልሜት ያደረገ ሁሉ ፈረንጅ ነው። ብትጠቁርም፣ በኦሮምኛ ብትመልስላቸውም ፈረንጅ ነህ። ሄልሜቱን ግን አታውልቅ።

አሁን የሳይክልህ ነገር። አሥራ ስምንቱ ቀርቶ አራት ማርሽ ይበቃሃል፣ ከአራቱ አንዱ ቀላሉ ከሆነ። ቀላሉ ማለት ካቴናው ፊት ትንሹ ጥርስ ላይ፣ ኋላ ትልቁ ጥርስ ላይ ሲሆን ነው። ዛሬ ማታ አውጣውና እየው። እዚያ የማይገባ ከሆነ የምትችለውን ዳገት ሁሉ በእግርህ ነው የምትወጣው። ብዙ ጊዜ ችግሩ ማርሹ አይደለም፣ የሚስበው ሽቦ ዝጎ ወይም ላልቶ ነው። ሳይክል ጠጋኝ ጋ ውሰደው፣ ሽቦ መቀየር ቀላል ሥራ ነው። እዚያው ሳለህ ፍሬኑን አሳይ። ቁልቁለት ላይ የሚያድንህ እሱ ነው። ስትወርድ ሁለቱንም ያዝ፣ ለቀቅ፣ ያዝ፣ ለቀቅ አድርግ። አንዱን ብቻ አንቀህ አትውረድ። ካቴናውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት አትቀባው፣ አቧራ ይሰበስብና ይበላዋል።

መቀመጫው ላይ ቁጭ ብለህ ተረከዝህን ታች ያለው ፔዳል ላይ አድርግ። እግርህ ቀጥ ካለ ልክ ነው። ከታጠፈ መቀመጫውን ከፍ አድርገው። አብዛኛው ሰው ጉልበቱን አመመኝ የሚለው መቀመጫውን እንደ ጅማ በርጩማ ዝቅ አድርጎ ስለሚነዳ ነው። (እኛ ደግሞ በርጩማ ነው ያሳደገን፣ ምን ይደረግ።)

እስከ ገና ሁለት ሦስት ሳምንት ካለህ በሳምንት አንድ ቀን ጅሬን ውጣ። ብቻህን። ከመሃል ከተማ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። ደርሰህ በረንዳው አካባቢ ተቀመጥ፣ ከተማዋን ከላይ እያት፣ የፈለግከውን ያህል አርፈህ ውረድ። አምና የተነጠቅከውን እረፍት መጀመሪያ እዚያው ውሰድ። ከዚያ በኋላ ዳገቱ ራሱ እንደዚያ አስቸጋሪ እንዳልነበረ ታያለህ።

ምግብ ላይ አላስረዝምም። ሳይርብህ ብላ፣ ሳይጠማህ ጠጣ። በየሰዓቱ ግማሽ ሊትር ውሃና አንድ ሁለት ሙዝ፣ ወይም አንድ ኩባያ በጥብጠህ የያዝከው በሶ። የገና ጾም ስለሆነ በሶና ቆሎው ለሁለታችሁም ይሆናል። ባዶ ሆድ ይዞ መውጣት ግን አይሆንም።

በዋዜማው ማታ መናኸሪያ ብቅ ብለህ ሾፌሮቹን የመንገዱን ሁኔታ ጠይቅ። ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ደህና አይደለም ካሉህ አጋሮ ለሌላ ቀን ትቆይ። ወደ ቦዬ ረግረግ ውሰደው፣ ቅርብ ነው፣ ወፍ እያያችሁ ትውላላችሁ። ውሃም ስለሆነ ባሕር የለመደ ዓይኑ ይረካል።

ለጓደኛህ ምን እንደምትለው ደግሞ እኔ ልጻፍልህ። ቲኬቱን ከመቁረጡ በፊት ላክለት። ከመጣ በኋላ ፊት ለፊት አትነግረውም፣ ታፍራለህ፣ እንደገና ሆድህን ያምሃል።

«ስማ፣ አጋሮ እሄዳለሁ፣ ደስ ብሎኝ። ግን አምና ጅሬን ላይ አንተ ሦስቴ አረፍክ፣ እኔ አንዴም አላረፍኩም። ሆዴንም አላመመኝም ነበር። ዘንድሮ ዳገት ላይ ፊት እኔ ነኝ። ጫፍ ላይ አሥር ደቂቃው የሚጀምረው እኔ ስደርስ ነው። መመለሻ በመኪና። መፍቻና ፖምፓ እኔ ጋ ይሆናል።»

የመጨረሻዋን መስመር እንዳትቆርጣት። መሣሪያው ቀስ ብሎ ከሚነዳው ሰው ጋ መሆን አለበት። ፊት ያለው ሰው ጎማው ቢፈነዳ አንተ ትደርስበታለህ፤ የአንተ ቢፈነዳ ግን እሱ አያውቅም። ይህን የተማርኩት ከአንድ ሲኒ ላይ ነው።

አጋሮ ላይ ደግሞ ሳይክሎቹን ጣሪያ ላይ ከማስጫንህ በፊት ከረዳቱ ጋር ዋጋ ተስማማ። ከታሰረ በኋላ የሚጠራው ዋጋ ሌላ ነው።